ለብቻ ተጀምሮ ለብቻ የማያልቅ ታሪክ

(በጅማ ከተማ ለጌም ቤት ባለቤቶች፣ ለተጫዋች ወጣቶችና ለወላጆች የተደረገ ንግግር፤ ከጥቂት የቃላት ማስተካከያ በቀር እንደ ተነገረ የቀረበ)

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ ውድ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እንደምን ዋላችሁ? አካም ጅርቱ? በዚህ ዝናብ ከሄርማታም፣ ከፈረንጅ አራዳም፣ ከጅሬንም ተነሥታችሁ ስለ መጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ልጆቻቸውን ይዘው የመጡ ወላጆችን ሳይ ደግሞ ደስታዬ እጥፍ ይሆናል። ስለ ጌም በከተማችን የሚነገረው ነገር ብዙውን ጊዜ «ልጁ ትምህርቱን ተወ» ከሚል ቅሬታ አያልፍም፤ ልጁ እዚያ ስክሪን ፊት ተቀምጦ ምን እያየ እንደ ነበር፣ ምን እንደ ደከመበትና ምን እንደ ተነፈገ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። ዛሬ የምንጠይቀው ይህንኑ ነው።

ጥያቄው እንዲህ ነው። አንድ ሰው ብቻውን ተቀምጦ የሚጫወተው፣ ታሪክ ያለው ጌም አለ እንበል። ይህ ሰው ለሳምንታት ደክሞ ታሪኩን እስከ ጫፉ ያደርሰዋል። ከዚያ በኋላ «ከሁሉ የተሻለውን መጨረሻ ለማየት ኦንላይን ገብተህ፣ ከማታውቃቸው ሰዎች ጋር መልቲፕሌየር፣ ማለትም ብዙ ሰው አብሮ የሚጫወተውን ክፍል፣ መጫወት አለብህ» ይባላል። ይህ ተገቢ ነው ወይ?

መልሴን ከወዲሁ ልናገር፤ ተገቢ አይደለም። ለምን እንዲህ እንደምል ለማስረዳት በመጀመሪያ በገዛ ዐይኔ ያየሁትን እነግራችኋለሁ፤ ቀጥሎ በዓለም ላይ የታወቁ ጥቂት ጌሞች ይህንን ጥያቄ እንዴት እንደ መለሱት እናያለን፤ በመጨረሻም ከእኔ የተለየ ሐሳብ ላላቸው ሰዎች መልስ ሰጥቼ፣ እኛ እዚህ ጅማ ውስጥ ልናደርገው የምንችለውን ጠቁሜ እወርዳለሁ።

ለወላጆች አንድ ነገር ላብራራ። እነዚህ ታሪክ ያላቸው ጌሞች እንደ ፊልም ለሁሉም ሰው አንድ ዓይነት መጨረሻ የላቸውም። ተጫዋቹ በመንገዱ ላይ ማንን እንዳዳነ፣ ማንን እንደ ከዳ፣ ለየትኛው ወገን እንደ ቆመ ጌሙ መዝግቦ ይይዛል፤ መጨረሻው የሚወጣው ከዚያ መዝገብ ነው። ስለዚህ «የተሻለው መጨረሻ» ስንል እንደ ሎተሪ የሚወጣ ዕጣ ማለታችን ሳይሆን፣ ተጫዋቹ በጥንቃቄ የወሰናቸው ውሳኔዎች ሁሉ ተደምረው የሚሰጡትን ፍሬ ማለታችን ነው። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

አሁን ወደ ታሪኬ ልግባ። ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት እዚህ ከተማ ውስጥ ለዓመታት ጌም ቤት ነበረኝ። አራት ቴሌቪዥን፣ አራት ማሽን፣ ስምንት ጆይስቲክ፣ ግድግዳውን ተከትለው የተደረደሩ የጅማ ባለ ሦስት እግር በርጩማዎች፤ ቤቱ ይኸው ነበር። ደንበኞቼ ሁሉም ማለት ይቻላል ኳስ ነበር የሚጫወቱት፤ ተራ ይዘው፣ የተሸነፈው እየተነሣ፣ ያሸነፈው እየቆየ። አንድ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ግን እሑድ እሑድ እየመጣ፣ ሌላው ሲጫጫህ እርሱ ጥግ ያለውን ማሽን ይዞ «ጋሼ፣ ታሪክ ያለውን ይክፈቱልኝ» ይለኝ ነበር።

ይህ ልጅ ከሌሎቹ የሚለይበት አንድ ነገር ነበረው። ባለ 50 ሉክ ደብተር ይዞ ይመጣል። ጌሙ ውስጥ ያሉት ሰዎች በእንግሊዝኛ ሲናገሩ ጽሑፉ ከታች ይወጣል፤ ልጁ የማያውቀው ቃል ሲገጥመው ጨዋታውን ያቆምና በደብተሩ በግራ በኩል ቃሉን፣ በቀኝ በኩል ትርጉሙን ይጽፋል። ካላወቀው ይጠይቀኛል፤ እኔም ካላወቅሁት እቤቱ ወስዶ መዝገበ ቃላት ያገላብጥና በሚቀጥለው እሑድ ትርጉሙን ለእኔም ይነግረኛል። ከደብተሩ ጀርባ ደግሞ ለእያንዳንዱ ባለ ታሪክ አንድ አንድ ገጽ ሰጥቶ ነበር፤ ማን ምን እንዳለ፣ ለማን ምን ቃል እንደ ገባ፣ ማንን ከሞት እንዳዳነ። የሚከፍለው በሰዓት ነው፤ ሆኖም አንድ ውሳኔ ከመወሰኑ በፊት ሰዓቱ እየቆጠረበት ገጾቹን ሲያገላብጥ አየው ነበር። እኔ ትልቅ ሰው ሆኜ በብዙ ውሳኔዬ ላይ ያን ያህል አልተጠነቀቅሁም።

አምስት ወር ፈጀበት። መጨረሻው ላይ ሲደርስ ስክሪኑ ላይ አንድ ጽሑፍ ወጣ። ልጁ ሁለት ጊዜ አነበበውና ወደ እኔ ዞሮ «ጋሼ፣ ከሌሎች ጋር ኦንላይን ካልተጫወትክ አይከፈትም ነው የሚለው?» አለኝ። አዎን፣ እንደዚያ ነበር የሚለው። የጌሙን ስም አልጠራም፤ ማንንም ለመክሰስ አልቆምኩም። በስልኬ ሆትስፖት ከፍቼ ማሽኑን አገናኘሁት፤ አፕዴት ካልተደረገ አልገባም አለ፤ አፕዴቱ ግማሽ ሳይደርስ ፓኬጄ አለቀ። በሚቀጥለው እሑድ በቂ ዳታ ገዝቼ ጠበቅሁት። ገባን። «ተጫዋች በመፈለግ ላይ» የሚለው ምልክት መዞር ጀመረ። አርባ ደቂቃ ዞረ። ማንም አልመጣም። ጌሙ ያረጀ ስለ ነበር፣ በዚያ መንገድ ያልፉ የነበሩት ሰዎች ወደ ሌላ ጌም ከሄዱ ቆይተዋል። ልጁ ግን ገና መድረሱ ነበር።

«ምን ችግር አለው፣ መጨረሻውን ዩቲዩብ ላይ ማየት ይችል የለም?» የሚል ሰው ይኖራል። ልጁም ይህንኑ አደረገ፤ የአጎቱን ስልክ ተውሶ አየው። እንዴት እንዳገኘው ስጠይቀው የሰጠኝን መልስ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፤ «አየሁት ጋሼ፤ ግን እዚያ ውስጥ እኔ ያዳንኩት ሰውዬ ሞቷል» አለኝ። ቪዲዮውን የጫነው ሰው ሌላ መንገድ የሄደ፣ ሌላ ውሳኔ የወሰነ ሰው ነበር። የልጁ መጨረሻ፣ ያ ሰውዬ በሕይወት ያለበት መጨረሻ፣ በዩቲዩብ ላይ የለም። የትም የለም።

ያዙልኝ ወዳልኳችሁ ነገር ልመለስ። መጨረሻው የውሳኔዎች ፍሬ ከሆነ፣ ከውሳኔዎቹ ጋር ምንም ዝምድና በሌለው ነገር ላይ ማንጠልጠል ምን ይባላል? ልጁ ያዳነው ሰው መዳኑና አለመዳኑ፣ በማያውቀው አገር የሚገኙ ሰዎች በዚያ ሰዓት ኦንላይን ከመኖራቸውና ካለመኖራቸው ጋር ምን ያገናኘዋል?

ወደ ሁለተኛው ነጥብ እንለፍ። ይህ ጥያቄ በዓለም ላይ በይፋ የተነሣበት የታወቀ አጋጣሚ አለ። ማስ ኢፌክት የተባለው ተከታታይ ጌም የመጀመሪያው ክፍል እ.ኤ.አ. በ2007፣ ሁለተኛው በ2010 ወጣ። የሠራው የካናዳው ባዮዌር፣ ሦስተኛውን ክፍል ያሳተመው ደግሞ ኤሌክትሮኒክ አርትስ ነው። ተጫዋቹ ኮማንደር ሼፐርድ የሚባል መሪ ሆኖ፣ በመጀመሪያው ክፍል የወሰነውን ወደ ሁለተኛው፣ ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው ይዞ መሻገር ይችላል። እስቲ አስቡት፤ አንድ ታሪክ ለአምስት ዓመታት ያህል በገዛ እጃችሁ ስትጽፉ ኖራችሁ፣ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2012 የመጨረሻው ክፍል መጣላችሁ።

በዚህ ሦስተኛ ክፍል ተጫዋቹ ለመጨረሻው ጦርነት ኃይል ያሰባስባል፤ የሰበሰበው ሁሉ በቁጥር ይመዘገባል። ነገር ግን ከዚህ ቁጥር ጎን «ዝግጁነት» የሚባል ሌላ መቶኛ ተቀመጠ፤ መነሻውም 50 በመቶ ነበር። ብቻውን ለሚጫወት ሰው የሰበሰበው ኃይል በግማሽ ይቆረጣል ማለት ነው፤ 7,000 ብትሰበስቡ የሚታሰብላችሁ 3,500 ነው። መቶኛውን ከፍ ለማድረግ ዋናው መንገድ አራት ሰው ሆኖ ኦንላይን የሚጫወቱት መልቲፕሌየር ነበር፤ ለተወሰኑ ቀናት ካልገባችሁ ደግሞ ያገኛችሁት መቶኛ ተመልሶ ይቀንሳል። ከመጨረሻዎቹ በአንዱ ላይ፣ በፍርስራሽ ውስጥ አንድ ደረት ትንፋሽ ሲስብ የሚያሳይ የጥቂት ሰከንድ ትዕይንት አለ፤ መሪው አለመሞቱን የሚነግረን እርሱ ነው። ያንን ትንፋሽ ለማየት ቢያንስ 4,000 ያስፈልግ ነበር። ለብቻ ተጫዋች ይህ ማለት 8,000 መሰብሰብ ነው፤ ተጫዋቾች ጌሙ ውስጥ ያለውን አንድ በአንድ ቆጥረው ያን ያህል እንደማይገኝ ደረሱበት። ጌሙ ከመውጣቱ በፊት ግን ሠሪዎቹ መልቲፕሌየር ሳይነኩ የተሻለውን መጨረሻ ማግኘት እንደሚቻል ተናግረው ነበር። ተጫዋቾች በመጨረሻዎቹ ላይ ያነሡት ቅሬታ ብዙ ዓይነት ነበር፤ ይህም አንዱ ሆነ።

ከዚያስ ምን ሆነ? በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ በነጻ በተለቀቀው የተራዘመ መጨረሻ፣ የሚፈለገው ቁጥር ወደ 3,100 ወረደ፤ ብቻውን የሚጫወት ሰው መድረስ ቻለ። እ.ኤ.አ. በ2021 ሦስቱ ክፍሎች ታድሰው በአንድነት ሲወጡ ደግሞ መልቲፕሌየሩም ያ መቶኛም አብረው አልመጡም። ልብ በሉልኝ፤ መልቲፕሌየሩ መጥፎ ስለ ነበር አይደለም። ብዙ ሰው ወዶት ለዓመታት ተጫውቶታል። ስሕተቱ መኖሩ ሳይሆን፣ የአንዱ ቤት ቁልፍ በሌላው ቤት ውስጥ መቀመጡ ነበር።

የሚያስደንቀኝ ግን ይህ ነው። በዚያው ወር፣ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2012፣ ጆርኒ የሚባል ትንሽ ጌም ለፕሌይስቴሽን 3 ወጣ። አንድ መንገደኛ በበረሃ ላይ ወደ ሩቅ ተራራ ይጓዛል። በመንገዱ ላይ ሌላ መንገደኛ ድንገት ሊገጥማችሁ ይችላል፤ እርሱም በሌላ የዓለም ጥግ የተቀመጠ እውነተኛ ሰው ነው። ስሙን አታውቁም፤ ልታነጋግሩት አትችሉም፤ ያላችሁ አንዲት የዜማ ጥሪ ብቻ ናት። ስትቀራረቡ አንዳችሁ ለሌላው ጉልበት ትሆናላችሁ። ጓደኛችሁ መንገድ ላይ ቢቀር ግን ጉዞው አይቆምም፤ ብቻችሁንም ብትሆኑ ተራራው ጫፍ ትደርሳላችሁ። ሁሉም ካለቀ በኋላ አብረዋችሁ የተጓዙት ሰዎች ስም ይወጣል። በአንድ ወር ውስጥ ለአንድ ጥያቄ ሁለት መልስ ተሰጠ፤ አንዱ ሰውን አስገደደ፣ ሌላው ሰውን ጋበዘ። የተጋበዘው ሰው ያገኘው ወዳጅነት ከተገደደው ሰው ያነሰ ነበር ወይ? ጆርኒን የተጫወታችሁ ካላችሁ እናንተው መስክሩ።

አሁን ወደሚቃወሙኝ ልምጣ፤ ሐሳባቸውን አከብራለሁና ቸኩዬ አላልፈውም። እንዲህ ይላሉ፤ «እኛ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እያልን ያደግን ሕዝብ ነን። ቡናችንን ሳይቀር ጎረቤት ጠርተን ነው የምንጠጣው። ጌም ሰውን ከሰው የሚያገናኝ ከሆነ ምን ይጎዳል? ልጆቻችን ብቻቸውን ክፍል ዘግተው ከሚቀመጡ ከሰው ጋር ቢጫወቱ አይሻልም ወይ?»

ይሻላል። እኔም በጌም ቤቴ ውስጥ በአንድ ጆይስቲክ የተጣሉ ልጆች በሌላው ጆይስቲክ ሲታረቁ አይቻለሁ። ነገር ግን የራሳችንን ደቦ እንመልከት። እዚሁ በጅማ ዙሪያ በዳዶ የሚሠራ ገበሬ ዛሬ ለጎረቤቱ ይሠራል፣ ነገ ጎረቤቱ ለእርሱ ይሠራል። የሚሠራው ከሚያውቀው ሰው ጋር ነው፤ ብድሩ የሚመለስበትን ቀን ያውቃል። ብቻውን ያረሰው ማሳ ደግሞ ቢዘገይም ቢያንስም ፍሬ ይሰጠዋል። «ደቦ ስላልወጣህ የራስህ በቆሎ እሸት አይይዝም» የተባለ ገበሬ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? አልሰማችሁም። መተባበር የሚከበረው የሰውን የግል ድካም ስለማይሰርዝ ነው።

ደግሞም እኔ ሁለት ሰው የሚጠይቅ መጨረሻ ሁሉ ክፉ ነው አላልኩም። እ.ኤ.አ. በ1986 ታይቶ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በብል ቦብል የሚባል ጌም አወጣ፤ ሁለት ትንንሽ ዘንዶዎች አረፋ እየነፉ 100 ደረጃ የሚያልፉበት ነው። ብቻውን እስከ መጨረሻው የደረሰ ሰው እውነተኛውን መጨረሻ አያይም፤ ጓደኛህን ይዘህ ተመለስ የሚል መልእክት ያገኛል። ይህንን ግን አልቃወምም። ለምን? ሁለተኛው መጫወቻ እዚያው ማሽኑ ላይ አለ፤ የሚያስፈልገው ጓደኛ በር ላይ ቆሞ ተራ የሚጠብቀው ልጅ ነው። እጁን ይዞ ማስገባት ይበቃል። ጌሙ የሁለት ወንድማማቾች ታሪክ መሆኑም ከመጀመሪያው ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ኢት ቴክስ ቱ የተባለው ጌምም እንዲሁ ነው፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ለሁለት ሰው ብቻ የተሠራ መሆኑን ከወዲሁ ይናገራል፣ በአንድ ሶፋ ላይ ተቀምጠው ሊጫወቱት ይችላሉ፣ በኦንላይን ከሆነም አንዱ ከገዛ ሌላው ሳይገዛ አብሮት ይጫወታል። ገበጣም ከጥንት ጀምሮ ለሁለት ነው፤ ማንም ተታለልኩ አላለም።

ፖኬሞን የሚባለውን ጌም ደግሞ ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ1996 በጃፓን ሲወጣ በሁለት ቅጂ ነበር፤ በጌሙ ውስጥ ያሉትን ፍጡራን ሁሉ ለመሰብሰብ ሁለት ልጆች የእጅ መጫወቻ መሣሪያቸውን በገመድ አገናኝተው መለዋወጥ ነበረባቸው፤ አንዳንዶቹ ፍጡራን እንዲያውም ልጆቹ ካልተለዋወጧቸው ወደ ሌላ መልክ አያድጉም። የታሪኩን መጨረሻ፣ ሻምፒዮን የመሆኑን ጉዞ ግን ልጁ ብቻውን ይጨርሰዋል። ለስብስቡ ጓደኛ ያስፈልገዋል፤ ለታሪኩ አያስፈልገውም። ድንበሩ የቱ ጋ እንደሚሰመር ከዚህ የተሻለ ማሳያ አላገኘሁም።

እንግዲህ የእኔ ክርክር በብቸኝነትና በአብሮነት መካከል አይደለም። አጠገቤ በተቀመጠ ሰውና በሩቅ አገር በሚገኝ ሰርቨር፣ ማለትም ተጫዋቾችን በኢንተርኔት በሚያገናኝ ኮምፒውተር፣ መካከል ነው። ሰርቨር ደግሞ ዕድሜ አለው። 3ዲኤስና ዊ ዩ የተባሉት የኒንቴንዶ ጌም ማሽኖች የኦንላይን አገልግሎት እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 ተዘግቷል። ዩቢሶፍት የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣው ዘ ክሩ የተባለ የመኪና ጌም እ.ኤ.አ. በ2024 ሰርቨሩ ሲዘጋ፣ ብቻውን ለሚነዳ ሰው እንኳ የማይከፈት ሆነ። በአንጻሩ ዲሞንስ ሶልስ የተባለው የፕሌይስቴሽን 3 ጌም ኦንላይኑ እ.ኤ.አ. በ2018 ሲቋረጥ፣ ብቻውን የሚጫወት ሰው እስከ መጨረሻው መሄዱን አላቆመም፤ ከሌሎች ተጫዋቾች የሚመጣው መልእክትና እርዳታ ቢቀርበትም ታሪኩ አልቀረበትም። መጽሐፍ ገዝታችሁ፣ ማተሚያ ቤቱ ሲዘጋ የመጨረሻው ምዕራፍ ከመደርደሪያችሁ ላይ የሚጠፋ ቢሆን ምን ትሉ ነበር?

የርቀቱን ነገርም ልጨምር። ከጅማ እስከ ጀርመን ፍራንክፈርት በቀጥታ ቢለካ ከ5,000 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ደርሶ መልሱ ከ10,000 በላይ ነው። ብርሃን በመስታወት ገመድ ውስጥ በሰከንድ ወደ 200,000 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ስለዚህ ሰርቨሩ እዚያ ከሆነ፣ የጅማ ልጅ አዝራር ተጭኖ መልሱ እስኪመለስለት ምንም እንከን ባይኖር እንኳ ከ50 ሚሊ ሰከንድ በላይ ያልፋል፤ በተግባር ደግሞ ገመዱ ስለሚዞርና በብዙ ጣቢያ ስለሚያልፍ ይረዝማል። እዚያው ከተማ ያለው ልጅ ይህ ሁሉ የለበትም። በ2012 ዓ.ም. ሰኔ ማብቂያ ላይ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ያህል የተቋረጠበትን ጊዜም ሁላችንም እናስታውሰዋለን። ቤት ውስጥ ተቀምጦ ዲስኩን የከተተ ልጅ በዚያ ጊዜ ታሪኩን መቀጠል ይችል ነበር፤ መጨረሻው በሰርቨር ላይ የተንጠለጠለበት ልጅ ግን አይችልም። አንድ ዓይነት ዋጋ ለከፈሉ ሁለት ልጆች ሁለት ዓይነት ጌም ተሸጠላቸው ማለት ነው።

ስለዚህ ምን እናድርግ? በዚህ አዳራሽ ውስጥ ጌም መሥራት የጀመራችሁ ወጣቶች እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ አንዳንዶቻችሁ ከስብሰባው በፊት በስልካችሁ አሳይታችሁኛል። እባካችሁ፣ ሥራችሁን ከማውጣታችሁ በፊት አንድ ቀን ዳታውን አጥፉና ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ብቻችሁን ተጫወቱት። የቆማችሁበትን ቦታ ምልክት አድርጉ። የቆማችሁበት ቦታ ስብስብ፣ ውድድር፣ ጌጥ ወይም ልብስ ከሆነ ግድ የለም፤ የታሪኩ መቋጫ ከሆነ ግን ተመልሳችሁ ሥሩት። ሁለት ሰው የግድ ካስፈለገም በመጀመሪያው ገጽ ላይ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ጻፉት፤ ሁለቱ ሰዎች በአንድ ስልክ ወይም በአንድ ክፍል ውስጥ ሆነው የሚጫወቱበትንም መንገድ ክፈቱ። አብሮ መጫወትን ማበረታታት ከፈለጋችሁ ደግሞ አብሮ የተጫወተ ሰው ቶሎ እንዲደርስ አድርጉ፤ ብቻውን የሄደው ዘግይቶ ይድረስ፣ ግን ይድረስ።

የጌም ቤት ባለቤቶች ወንድሞቼ፣ ከእናንተ የምለምነው ትንሽ ነው። አንድ ማሽን፣ ጥግ ያለውን፣ ታሪክ ለሚጫወት ልጅ ተዉለት። ኳስ የበለጠ ገቢ እንደሚያስገባ እኔም አውቃለሁ፤ የቤት ኪራይ ምን እንደሆነ አልረሳሁም። የልጁን ሴቭ፣ ማለትም የደረሰበትን የያዘውን ፋይል፣ ግን ማንም እንዳይደመስስበት ጠብቁለት። አንድ ልጅ አዲስ ታሪክ ሲጀምር ደግሞ ቀድማችሁ አጣሩና «ይህ ያለ ኢንተርኔት አያልቅም» ብላችሁ ንገሩት። እኔ ያንን ልጅ በመጀመሪያው እሑድ ልነግረው ይገባኝ ነበር፤ አላጣራሁም። አምስት ወር ሙሉ ገንዘቡን ስቀበለው መጨረሻው ዝግ መሆኑን አላውቅም ነበር፤ ማወቅ ግን ሥራዬ ነበር።

ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ዛሬ ማታ ቤት ሲገባ ምን ላይ እንደ ደረሰ ጠይቁት። «ስንት አገባህ» ሳይሆን «ማንን አዳንክ» በሉት። መልስ ካለው ቁጭ ብላችሁ ስሙት።

ስለ ትዕግሥታችሁ አመሰግናለሁ፤ ገለቶማ። ጥያቄም ተቃውሞም ያላችሁ ድምፅ ማጉያው ወደ እናንተ እየመጣ ነው፤ ከኋላ እጁን ካነሣው ልጅ እንጀምር።